«አባዬ፣ ዛሬ ረባሁ?»

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ዕድሜዬ 44 ዓመት ነው፤ መተዳደሪያዬ ከአባቴ የተረከብኩት የእንጨት ሥራ ነው። አልጋና ቁም ሳጥን እሠራለሁ፤ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር በርጩማም እንግዶች ለመታሰቢያ ስለሚገዙት አላቋረጥኩትም። ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። የ11 ዓመት ወንድና የ8 ዓመት ሴት ልጅ አሉን።

ወንዱ ልጄ ከትንሽነቱ ጀምሮ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ምስማር አምጣ ሲሉት መዶሻ ይዞ ይመጣል፤ ሱቅ ሲልኩት መንገድ ላይ ቆሞ የሆነ ነገር ሲያይ የተላከበትን ይረሳል። የሚወደው ሥዕል መሣል ብቻ ነው። እህቱ ግን ሳትታዘዝ የምትሠራ፣ ሰው ሁሉ የሚመርቃት ልጅ ናት።

መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ደንበኛ ለሠርግ ያዘዘውን የቁም ሳጥን በር ቫርኒሽ ቀብቼ ደጅ ፀሐይ ላይ አቆምኩት። በዚያን ሰሞን ወገቤን አሞኝ ሦስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሳት አልቻልኩም ነበር። ስለዚህ ልጁን «ዝናብ ከመጣ ጥራን» ብዬ አስቀምጬው ጋደም አልኩ። የጅማን ዝናብ ያውቁታል፤ አያስጠነቅቅም። ስነሳ በሩ ርሶ ቫርኒሹ ነጭ በነጭ ሆኗል፤ ልጄ ከቆርቆሮው ሥር ተቀምጦ ካርቶን ላይ ይሥላል። ደንበኛውና ሁለት ረዳቶቼ በቆሙበት «አንተ የማትረባ! ታናሽ እህትህ እንኳ ትሻላለች! ለምን እንደማበላህ አላውቅም» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ሌላ ሰው ሆነ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ሰጋቱራውን ጠርጎ በማዳበሪያ ከረጢት ይሞላል፤ ውኃ ይቀዳል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን አስቀምጦ በቀጥታ ወደ ሥራ ቤቱ ይመጣል። አዌቱ ወንዝ አጠገብ ካለው ሜዳ ኳስ መጫወት ትቷል፤ ሥዕሉንም ትቷል። ማታ ከመተኛቱ በፊት አጠገቤ መጥቶ ይቆምና «አባዬ፣ ዛሬ ረባሁ?» ይለኛል። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ «አዎ፣ ረባህ» አልኩት። ነጋታውም መጣ፤ በሦስተኛውም ቀን መጣ፤ አሁን ወር ሊሞላው ነው። ጎረቤቶቼ «ልጅህ ሰው ሆነልህ» ይሉኛል።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ሸሚዙን ስታጥብ እጅጌው ላይ ደም አገኘች። መሮ ግራ መዳፉን ቆርጦት በጨርቅ ጠቅልሎ አራት ቀን ደብቆናል። «ለአባዬ እንዳትነግሪው፤ አይረባም ይለኛል» ብሎ አስምሏታል። እሷ ግን ነገረችኝ። እኔ እንደማውቅ እስካሁን አያውቅም።

እኔም ያደግሁት በሥራ ነው። በ12 ዓመቴ የመጀመሪያዋን በርጩማ ጨርሼ ለአባቴ ስሰጠው ተቀመጠባትና ቡናውን እዚያው ጠጣ፤ ከዚያ የበለጠ ደስታ አላስታውስም። ታዲያ ልጅ የሚደሰተው ሲጠቅም አይደለም? ባለቤቴ ሥራውን ጨርሶ አስቁመው ትለኛለች። እኔ ደግሞ ቢያንስ ሥዕሉን ለአልጋ ራስጌ ቅርጽ ማውጫ ብናውለው ብዬ አስቤአለሁ። ነገ ወገቤ እንቢ ካለ ማን ሊጦረኝ ነው? ምን ባደርግ ይሻላል?

አባት፣ ከጅማ

* * *

የተከበሩ ወንድሜ፤

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወላጆች የሚጽፉልኝ ብዙውን ጊዜ የፈለጉትን ልጅ ስላላገኙ ነው። እርስዎ የጻፉልኝ ግን የፈለጉትን ልጅ ካገኙ በኋላ ደንግጠው ነው፤ ጎረቤት እየመረቀዎት፣ ሥራ ቤትዎ ከወትሮው ጸድቶ፣ እርስዎ ግን ማታ ማታ የዚያን ልጅ ጥያቄ እየፈሩ። ያ ድንጋጤ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ወዲያ ሄደህ ተኛ ብለው አለማባረርዎም፣ ነገሩን አምጥተው በግልጽ መጻፍዎም ብዙ ነገር ይነግረኛል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል፤ ሁላችንም በአፋችን ላይ ስላለ አንሰማውም። ከብቱ ረባ፣ በጉ ረባ እንላለን፤ እርባታ የምንለውም ከዚሁ ነው። የሚረባ እንስሳ የሚራባ፣ ለባለቤቱ የሚተርፍ ነው። ለላምና ለፍየል ይህ ተገቢ መለኪያ ነው፤ ገበያ የሚወጡት በዚሁ ተመዝነው ነውና። ልጅዎ መለኪያውን ከእርስዎ ተቀብሎ በየማታው ራሱን ሚዛን ላይ እያወጣ ነው። የሚያሳዝነኝ ጠያቂው እሱ መሆኑ ነው። እርስዎ ቃሉን የተናገሩት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱ ግን በየቀኑ እየደገመው ነው።

ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። ልጅን በጥቅሙ ማየት ከክፋት የመጣ ነገር አይደለም። ጡረታ በሌለበት፣ መሬቱ ጉልበት በሚጠይቅበት፣ በቆሎውን ከዝንጀሮ፣ ጥጃውን ከጅብ የሚጠብቅ በሚያስፈልግበት ቤት ልጅ ተጨማሪ እጅ ነበር፤ ሲያድግም ጧሪ ቀባሪ ይሆናል። የአያቶቻችን ስሌት ከኑሯቸው የመጣ ነው። ግን እነሱም «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይሉ ነበር። ይህ ተረት የሚነገረው የልጅን ሥራ ለማጣጣል እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ሌላም ነገር እሰማበታለሁ። ለራት እንደማይበቃ እያወቁ ቡሖውን አልነጠቁትም፤ የዕለቱን እንጀራ ግን በልጁ እጅ ላይ አልጣሉም። የደንበኛውን የሠርግ ዕቃ ከዝናብ የመጠበቅ ኃላፊነት በዚያን ቀን በማን ትከሻ ላይ እንደወደቀ እስቲ መለስ ብለው ያስቡት።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ልጅ የሚደሰተው ሲጠቅም አይደለም ወይ ብለዋል። በከፊል እውነትዎን ነው፤ ባለቤትዎ ሥራውን ጨርሶ አስቁመው ማለታቸውን የማልደግፈውም ለዚህ ነው። ፊሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ በ18 ወር ሕፃናት ፊት አንድ የማያውቁት ሰው ልብስ ሲያሰጣ መቆንጠጫ እንዲወድቅበት፣ ሁለት እጁ በዕቃ ተይዞ የቁም ሳጥን በር መክፈት እንዲያቅተው አደረጉ። አብዛኞቹ ሕፃናት ማንም ሳይጠይቃቸው ሄደው ረዱት። ገና አጥርተው መናገር ያልጀመሩ ልጆች ናቸው። እነዚሁ ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሲረዱ ዕቃ የተሸለሙት ሕፃናት ሽልማቱ ሲቀር ካልተሸለሙት ይልቅ መርዳቱን ቀነሱ። መርዳት ዋጋ ሳይተመንለት ልጁ ውስጥ አለ፤ ዋጋ ሲተመንለት ግን ይቀየራል። ልጅዎም እኮ ምስማር አምጣ ሲሉት መዶሻ ይዞ ይምጣ እንጂ መምጣቱን አልተወም ነበር።

አሁን ወደ በርጩማዋ ልመልስዎ፤ ከደብዳቤዎ ሁሉ እኔን የያዘችኝ እሷ ናት። የ12 ዓመት ልጅ የፈለፈላት በርጩማ መቼም የገበያ ዕቃ አልነበረችም፤ ምናልባትም ጠርዟ ያልለሰለሰ፣ መቀመጫዋ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነበረች። አባትዎ ግን ተቀመጡባት፤ ቡናቸውንም እዚያው አስመጥተው ጠጡ። እስቲ ራስዎን ይጠይቁ፤ ያን ዕለት ያስደሰተዎት በርጩማዋ ለቤቱ የምትሰጠው አገልግሎት ነበር ወይስ አባትዎ መቀመጣቸው? ደግሞ ሌላ ልጠይቅዎት። በልጅነትዎ ታመው የተኙበት፣ ለወር ያህል ለማንም ለምንም ያልጠቀሙበት ጊዜ ካለ፣ አባትዎ በዚያን ጊዜ ምን ያደርጉ ነበር? ደጅ ሆነው ሥራቸውን ይሠሩ ነበር ወይስ ገብተው ግንባርዎን ይነኩ ነበር? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብዎትም። የበርጩማዋን ደስታ ለማወቅ ግን ይህኛውም መታወስ ያለበት ይመስለኛል።

ኤሚ ቨርነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ሃዋይ ውስጥ ካዋይ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናትን ለአሥርት ዓመታት ተከታትለዋል። በድህነት፣ በወላጅ ሕመምና በቤት ውስጥ ጠብ መካከል ካደጉት ልጆች ሲሶ የሚሆኑት ግን ጤነኛና በራሳቸው የሚተማመኑ ሰዎች ሆኑ። ተመራማሪዋ እነዚህን ልጆች ምን እንደደገፋቸው ሲመረምሩ ካገኟቸው ነገሮች መካከል ሁለቱ ለእርስዎ ቤት ይሆናሉ። አንደኛው፣ እንዳሉ የተቀበላቸው ቢያንስ አንድ የቅርብ ሰው ነበራቸው። ሌላው፣ ብዙዎቹ ታናናሾቻቸውን እንደ መጠበቅ ያለ፣ ቤቱ ከልቡ የሚፈልገው ሥራ ነበራቸው። ስለዚህ ሥራው ብቻውን አልነበረም፤ ሥራ የተሰጣቸው ልጆች ሥራው ባይኖርም ቦታቸው የማይነካ ልጆች ነበሩ። የእርስዎ ልጅ ሥራው አለው፤ አሁን የጎደለው ያኛው ነው።

ደስታና ፍርሃት ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ልጅን በሌሊት ይቀሰቅሳሉ። የሚለዩት ቁስል ላይ ነው። ሥራውን ወዶ የሚሠራ ልጅ መሮ ሲቆርጠው እያለቀሰም ቢሆን እየሮጠ መጥቶ ያሳያል፤ ለጓደኞቹም ጨርቁን ፈትቶ ያሳይና ይኮራበታል። የእርስዎ ልጅ አራት ቀን ደበቀው። ሥዕሉን መተዉ፣ ኳሱን መተዉ፣ የማታው ጥያቄ፣ ሁሉም ወደዚያው ያመለክታሉ፤ ግን ሌላው ሁሉ ባይኖርና ይህ ቁስል ብቻ ቢኖር ኖሮ እንኳ ይበቃኝ ነበር።

በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ነገር አለ፤ እኔ ልለፈው አልቻልኩም። ቃሉ ከአፍዎ በወጣበት ሰሞን ሦስት ሳምንት ሙሉ እርስዎ ራስዎ መሥራት አልቻሉም ነበር። በአባቱ መዶሻ ያደገ፣ ቀኑን በሠራው ልክ የሚቆጥር ሰው ሦስት ሳምንት ጋደም ሲል ምን ምን እያሰበ እንደሚውል እገምታለሁ። ምናልባት «የማትረባ» የሚለውን ቃል ለልጅዎ ከመናገርዎ በፊት ጣሪያ ጣሪያ እያዩ ለራስዎ ደጋግመው ብለውት ይሆን? ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ልክ ከሆንኩ ግን «ማን ሊጦረኝ ነው» የሚለው ስጋትና የልጅዎ የማታ ጥያቄ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ሁለታችሁም ያልሠራ ሰው እዚህ ቤት ቦታ አለው ወይ እያላችሁ ነው። ስጋቱ አሳፋሪ አይደለም። ለወገብዎ ግን ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ከባድ ግንድ ማንሳቱን ለረዳቶችዎ ይተዉ፤ ስለ ነገ ደግሞ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው ይምከሩ፤ ዕቁብም ሆነ ቁጠባ የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው። በ11 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ የሽምግልናዎ ጭነት ከአሁኑ መውጣት የለበትም።

አሁን ምን ያድርጉ? ከይቅርታው ቢጀምሩ ይሻላል። በእኛ ዘንድ አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ እምብዛም አይታይም፤ «ይንቀኛል» የሚል ፍርሃትም አለ። የተሰደበው በሰው ፊት ስለሆነ ግን ይቅርታውም በጓዳ ብቻ ቢያልቅ ይጎድላል። ደንበኛውን ፈልገው ያምጡ አልልዎትም፤ ሁለቱ ረዳቶችዎ ባሉበት፣ እጅዎ ሥራ ላይ እንዳለ፣ አጠር አድርገው «ያን ቀን የተናገርኩህ ቃል ልክ አልነበረም። በሩን ዝናብ መታው፤ እኔም በአንተ ላይ ተወጣሁት። የማበላህ ልጄ ስለሆንክ ነው» ቢሉት ይበቃል። «ግን አንተም…» የሚለውን ግን እባክዎ አይቀጥሉበት። ስለ ረሳው ነገር የምታወሩበት ሌላ ቀን ይኖራል።

የማታው ጥያቄ ከበድ ይላል። «አዎ፣ ረባህ» ሲሉት ለአንድ ሌሊት ያድራል፤ ሲነጋ ግን ቦታውን እንደ አዲስ መግዛት አለበት። «አትርባ፣ ግድ የለም» ቢሉትም አያምንዎትም፤ እንዲያውም እንደ ተስፋ መቁረጥ ሊሰማው ይችላል። እኔ ብሆን ቁጭ አድርጌ «ይህን ጥያቄ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ አልጠየቅም፤ አንተም አትጠይቀኝ። ይልቅስ ዛሬ ምን አየህ?» እለው ነበር። ልብ ይበሉ፣ ምን ሠራህ አላልኩም። መንገድ ላይ ቆሞ የሚያይ ልጅ ነው ብለውኛል፤ ምን እንደሚያይ እስካሁን ጠይቀውት ያውቃሉ? በመጀመሪያው ማታ «ምንም» ይልዎታል፤ በሁለተኛውም እንዲሁ። አይቸኩሉ።

ሥራውን በተመለከተ፣ ነገ ጠዋት ከሥራ ቤቱ ቢያስወጡት የሚሰማው «ለዚህም አልበቃህም» የሚለውን ነው። ይሥራ፤ ግን ሥራው ልክና ድንበር ይኑረው። ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል፣ የራሱ የሆነ አንድ ሥራ፣ በርጩማ በማለስለሻ ወረቀት እንደ ማሸት ያለ፣ ጀምሮ የሚጨርሰው፤ ቢበላሽም ደንበኛ የማያጣላ። መሮና የኤሌክትሪክ መጋዝ አሁን አይንካ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳቱ በዚህ ሳምንት ይቁም፤ የ11 ዓመት ልጅ እንቅልፉን ሳይጠግብ ትምህርት አይገባውም። ሕጉም በዚህ ላይ ዝም አላለም፤ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቁ ይደነግጋል። እግረ መንገዴን፣ ሁልጊዜ የሚገርመኝን አንድ ነገር ላንሳ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 የሚናገረው ሕፃን የማረፍና የመጫወት መብት እንዳለው ነው፤ የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር አንቀጽ 31 ደግሞ ልጅ ወላጆቹን የማክበርና በሚቸገሩበት ጊዜ የመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። አገራችን ሁለቱንም ተቀብላለች። የቁጥሩ መገጣጠም አጋጣሚ ነው፤ ለእኔ ግን ከባልና ሚስት አንዱ እንዲረታ ሳይሆን ሁለታችሁም ከፊል ልክ እንደሆናችሁ የሚያሳይ ይመስለኛል።

ስለ ሥዕሉ ያሰቡት ነገር ግን አስግቶኛል። ሐሳቡ ከፍቅር እንደመጣ ይገባኛል፤ ልጁ የሚወደውንና እርስዎ የሚሠሩትን ለማገናኘት ነው። የአልጋ ራስጌ ላይ የልጅዎ እጅ የሣለው ቅጠል ቢወጣ የማይኮራ አባት የለም። ጊዜው ግን አሁን አይደለም። ሥዕል የዚህ ልጅ መሸሸጊያ ነበር፤ በዝናቡ ቀንም ከቆርቆሮው ሥር የተገኘው እዚያው መሸሸጊያው ውስጥ ነው። አሁን ሥዕሉንም ወደ ሥራ ቤቱ ቢያስገቡት እንደገና መሣል ይጀምራል፤ እያንዳንዱን ሥዕል ግን ይዞልዎት መጥቶ «ይህስ ይረባል?» ይልዎታል። የሚሸሸግበት ሌላ ቦታ አይኖረውም። ስለዚህ እርሳስና ወረቀት ገዝተው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ የሚተኛበት አጠገብ ያስቀምጡለት። ባይነካውም አይጠይቁት። ከሣለና ራሱ አምጥቶ ካሳየዎት፣ ለምን ይሆናል ሳይሉ ይዩት፤ «ይህ ወፍ የት አገር ነው ያየኸው?» ማለት ይበቃል። ምናልባት 15 ወይም 16 ዓመት ሲሞላው ራሱ «አባዬ፣ ይህን ራስጌው ላይ ብናወጣውስ?» ይልዎት ይሆናል፤ ላይልም ይችላል። ባይልስ? ይህን ጥያቄ ከአሁኑ ከራስዎ ጋር ቢጨርሱት ጥሩ ነው።

እህቱን እንዳንረሳት። እሷ የምትመረቀው ሳትታዘዝ ስለምትሠራ ነው፤ ወንድሟ በዚያ ቀን ምን እንደተባለም ሰምታለች። ጎበዝ የተባለ ልጅ አንድ ቀን ደክሞኛል ለማለት ይቸገራል። አንዳንድ ቀን ማሰሮውን ከእጇ ተቀብለው «ሂጂ ተጫወቺ» ይበሏት፤ ከእንግዲህም ሁለቱን በማወዳደር አይናገሩ። ጎረቤት «ልጅህ ሰው ሆነልህ» ሲልዎትም ልጁ እየሰማ ከሆነ፣ «ድሮም ሰው ነው» ብለው ይመልሱ።

ከዚህ ሌላ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ወደ አዌቱ ሜዳ አብራችሁ ውረዱ። ኳስ ተጫወት ብለው አይግፉት፤ እርስዎ በርጩማ ይዘው ይሂዱና ተቀምጠው ሌሎቹን ልጆች ይመልከቱ። የቡና ገንዘብ የወጣበት ጊዜ ስለሆነ፣ ለጥር ሠርግ አልጋና ቁም ሳጥን የሚያዝዝ ደንበኛ እንደሚበዛብዎት አውቃለሁ። በትክክል ለዚሁ ነው የምጠይቅዎት፤ አባቱ ሥራ እያለው ለሁለት ሰዓት ምንም ሳይሠራ ሲቀመጥ ማየት ለዚህ ልጅ ብዙ ይነግረዋል። ከአንድ ወር በኋላም እንቅልፉ ካልተመለሰ፣ ምግብ ከቀነሰ ወይም በትንሹም በትልቁም ራሱን መውቀስ ካላቆመ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ልጅን ለምክር እዚያ መውሰድ ነውር የለበትም።

የቀረው ቁስሉ ነው። ባለቤትዎ ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ የብረት ቁስል ስለሆነ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ ይጠይቁ። እናቱ ምስጢሩን እንደነገረችዎ ግን ከእርስዎ አፍ ባይሰማ ይሻላል፤ በዚህ ሰሞን የሚያምናት አንድ ሰው እሷ ናትና። 30 ዓመት ከመሮ ጋር የኖረ እጅ ያለ ጠባሳ አይሆንም። ዛሬ ማታ፣ መጥቶ አጠገብዎ ሲቆም፣ እጅዎን ወደ መብራቱ አውጥተው ጠባሳዎን ያሳዩት። በስንት ዓመትዎ እንደተቆረጡ፣ እንዴት እንዳለቀሱ፣ ለማን እንዳሳዩ፣ ወይም እርስዎም ደብቀው ከሆነ ለምን እንደደበቁ ይንገሩት። ከዚያ በኋላ ምንም አይጠይቁት፤ እጅዎን ብቻ እዚያው ጉልበትዎ ላይ ዘርግተው ይተዉት።